በሩፎስ ግራ የተተወው ቦታ

ፓይን ሊክ፣ ሳውዝ ካሮላይና
ማርች 9፣ 2009

ለወይዘሮ አይሪን ቫንዲቨር፤

ጌታ ባሉበት ይጠብቅዎ። እኔ በእሱ ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚያ በላይ ደኅና ነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ተገናኝተን ባናውቅም ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። የሩፎስ ጋድሰን እናት፣ ሉቪኒያ ነኝ። ልጅዎ ዶርቃ የልጄ ሚስት ነበረች። ሩፎስ ባለፈው ወር ሞተ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነበር፣ ልቡ ቆመ። አንዱን እግሩን አስሮ ጨርሶ ነበር።

የቀበርነው በናባው ተራራ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ነው። እኛ ዘንድ ሚስት የምታርፈው ከባልዋ በስተግራ ነው፣ በሠርጋቸው ቀን እንደቆሙት። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ዲያቆን ኦርሊ «ሉቪኒያ፣ ትንሽ ወደ ግራ ላስጠጋው? ቦታ ይባክናል» አለኝ።

«አይባክንም። ሰው ይመጣል» አልኩት።

የለካበትን ገመድ ወደ ቀኝ አዛወረው።

እንግዲህ የጻፍኩበት ጉዳይ ይኸው ነው። ዶርቃ የተኛችው የኤቤንኤዘር መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ መቃብር ውስጥ ነው። ድንጋይዋ ላይ «ዶርቃ ቫንዲቨር፣ የተወደደች ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። ሚስት አይልም። ከዓመታት በፊት ሁለቱ የተሳፈሩበት መኪና የተገለበጠ ጊዜ ሩፎስ ሆስፒታል ራሱን ስቶ ተኝቶ ሳለ፣ ያን ዓመት ከዛምቢያ ሚስዮናችሁ ኮሌጁ ሊያስተምሩ የመጡት ባለቤትዎ አስከሬኗን ወስደው ቀበሯት። ሩፎስ ዓይኑን ሲገልጥ «እሷስ?» አለኝ። ከሦስት ቀን በፊት እንደተቀበረች የነገርኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ።

ሰው ሁሉ ክሰስ ቢለው «ሚስቴን በፍርድ ቤት አልጎትታትም» አለ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ኮሌጁ አጥር ጋ ሄዶ ይቆም ነበር። ሁለቱን በአንድ ቀን ያባረረ ኮሌጅ ነው፣ ነጭና ጥቁር ሆነው ተፋቀሩ ብሎ። በበሩ መግባት አልወደደም። ባለቤትዎ ከሞቱም በኋላ እንዲሁ ነበር።

የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ባልዋ ስለሞተ፣ ልጅም ስለሌላት፣ አንሥቶ ለማዛወር የእናትዋ ፊርማ ይበቃል ብሎኛል። ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የሚፈርሙበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ሉቪኒያ ጋድሰን


ካሳማ፣ ዛምቢያ
ኤፕሪል 21፣ 2009

ውድ ወይዘሮ ጋድሰን፤

የመጽናናት ሁሉ አምላክ ኀዘንዎን ያቅልልዎ። የልጅዎን ሞት በመስማቴ አዝኛለሁ። በጸሎቴ አስቤዋለሁ።

ስለ ጠየቁኝ ነገር ብዙ ጸለይኩ። መልሴ አይሆንም ነው። ዶርቃ አባትዋ አጠገብ ተኝታለች። ለሰው ልብ ማረፊያ ተብሎ ሙት አይቀሰቀስም። እባክዎ በዚህ አይከፉብኝ።

ደግሞ ጊዜው ተለውጧል። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ክሬል ጽፈውልኛል። በጁን ወር የንስሐ ቀን ይደረጋል። የተለያየ ዘር ያላቸው ተማሪዎች እንዳይጠናኑ ይከለክል የነበረው ደንብ ኃጢአት እንደነበር በአደባባይ ይነበባል። እኔ ያንን ደንብ አላወጣሁትም፤ ባለቤቴም አላወጣውም። ደንብ ሲኖር ግን አክብረነዋል፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ዶክተር ክሬል አንድ ነገር አስበዋል፣ ይህንንም በእንባ ነው ያነበብኩት፤ ልጅዎ ሩፎስ ወደ ኮሌጁ መቃብር መጥቶ ከዶርቃ ጎን እንዲያርፍ። ከዚህ በላይ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? በዚያ መንገድ ሁላችንም የፈለግነውን እናገኛለን።

ወረቀቱን ሳልፈርም መልሼልዎታለሁ።

እህትዎ በክርስቶስ፣
አይሪን ቫንዲቨር


ፓይን ሊክ
ሜይ 6፣ 2009

ወይዘሮ ቫንዲቨር፤

እግዚአብሔር ለሁላችንም የሚገባንን ይስጠን። ሲሰጥ ግን አይቸኩል።

ዶክተር ክሬል ቤቴ መጥተው ነበር። ጥሩ ልብስ ለብሰዋል። እህቴ ቨርዴል ኩሽና ውስጥ ባቄላ ትፈለፍል ነበር፣ በሩን ሆን ብላ ገርበብ አድርጋዋለች።

«ወይዘሮ ጋድሰን» አሉኝ፣ «በኮሌጃችን ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም።»

«ምን ያለ ነገር?»

«ማለቴ... በዚያ መቃብር ውስጥ...»

«ጥቁር ተኝቶ አያውቅም?»

«ልክ ነዎት፣ አያውቅም።»

«ታዲያ ልጄን የፈለጋችሁት የመጀመሪያው እንዲሆን ነው?»

ቨርዴል ከኩሽና «ሪባን ይቆረጣል ወይ?» አለች።

እሳቸው እንዳልሰሙ ሆኑ። መዘምራኑ ምን እንደሚዘምሩ ነገሩኝ። ፎቶ አንሺ እንደሚመጣ ነገሩኝ። «ለእርስዎ ከፊት ረድፍ ወንበር ይዘናል» አሉኝ።

«ልጄ አጥራችሁ ጋ ቆሞ ሲኖር አንድም ቀን ወንበር ያወጣለት የለም» አልኳቸው።

እሳቸው ክፉ ሰው አይመስሉኝም፤ ጆሮአቸው እስኪቀላ ድረስ አፍረዋል። ግን ልጄን ከተኛበት ቆፍረው፣ እየዘመሩ፣ ያባረረው ግቢ ውስጥ ሊያስገቡት ነው። እሱ ከተባረረ ወዲህ በሕይወቱ ያልገባበትን በር እኔ በሬሳው አላስገባውም። ሙት አይቀሰቀስም ብለው ጽፈውልኝ ነበር። የእኔ ሙት ግን ይቀሰቀሳል?

አሁን የማያውቁትን አንድ ነገር ልንገርዎ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በመጨረሻ የጠጣበትን ኩባያ ወስደን መቃብሩ ላይ እንሰብራለን። ስባሪውም እዚያው ይቀራል። ምክንያቱን እናቴ እንደነገረችኝ እነግርዎታለሁ፤ ኩባያው ካልተሰበረ ሰንሰለቱም አይሰበርም፣ ሟቹ ከቤቱ ሰው እየጠራ ይኖራል። የሩፎስን ሰብሬያለሁ። የዶርቃ ኩባያ ግን እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ደኅና ተቀምጧል። በሞተች በወሩ እመቃብርዋ ላይ ልሰብረው ይዤ ሄጄ ነበር። ጠባቂው «ሴትዮ፣ እዚህ ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» ብሎ መለሰኝ።

ሩፎስን የጠራው ያ ኩባያ ይሁን አይሁን አላውቅም። በሌሊት አስበዋለሁ።

ሌላም አለ። እርስዎ እዚያ ሚስዮን ላይ ጥቁር ሕፃናት ታቅፈው የተነሱትን ፎቶ አውቀዋለሁ፤ እዚህ ስንት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከእነዚያ አንዱ አድጎ ልጅዎን ለጋብቻ ቢጠይቅ ኖሮ ምን ይሉት ነበር?

ወረቀቱን እንደገና ልኬያለሁ።

ሉቪኒያ


ካሳማ
ጁላይ 14፣ 2009

ወይዘሮ ጋድሰን፤

ጸጋ ይብዛልዎ። ልብዎንም ያለስልሰው።

ዘግይቼ የጻፍኩት እንደ ሰው በቁጣ እንዳልመልስልዎ ብዬ ነው። ሁለት ወር ጠበቅሁ፤ ቁጣዬ ግን አልበረደም። ስለዚህ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

መኪናውን ይነዳ የነበረው ማን ነው? ስንት ገጽ ጽፈው ይህንን አንድም ቦታ አላነሱትም። ልጄ የሞተችው በኮሌጅ ደንብ አይደለም። በዝናብ፣ በመጥፎ መንገድ፣ በልጅዎ እጅ ነው። እኔ ለዚህ ይቅር ብዬዋለሁ። በየቀኑ ይቅር ማለት ነበረብኝ፣ ብያለሁም። እርስዎ ግን ፎቶዬን ሳይቀር ይቆጥሩብኛል። እነዚያን ሕፃናት ያዋለድኳቸው እኔ ነኝ፤ ስማቸውን አውቃለሁ።

በንስሐው ቀን የፊት ወንበርዎ ባዶ እንደነበር ሰማሁ። መቶ ሰው ተንበርክኮ ሲያለቅስ እርስዎ ቤትዎ ቁጭ ብለው ነበር። ይቅርታ የሚለምን ሰው ፊት በር መዝጋትም ኃጢአት ነው፤ ይህንን ከእኔ ባይሰሙት እመርጥ ነበር።

ያም ሆኖ ክፉን በክፉ አልመልስም። ዶክተር ክሬል የሩፎስን መቃብር ሄደው አይተውት ነበር፤ ግቢው ሣር የሌለው ባዶ አፈር እንደሆነ፣ በተሰባበረ ሳህንና ቆርቆሮ እንደተሞላ ጽፈውልኛል። አዘንኩ። አቅም ያጣ ምእመን መሆናችሁ ገባኝ። ስለዚህ የኮሌጁ ተማሪዎች መጥተው እንዲያጸዱላችሁ፣ ሣርም እንዲዘሩበት ለመንኳቸው፤ በደስታ ተቀበሉኝ። ይህ ከእኔ ለልጅዎ ነው። አበባ ከመላክ ይሻላል ብዬ ነው።

ወረቀቱን መልሼያለሁ። እባክዎ ሁለተኛ አይላኩልኝ።

አይሪን ቫንዲቨር


ፓይን ሊክ
ኦገስት 3፣ 2009

አይሪን፤

ሰላምታ የለኝም። እርስዎ ማለትም ይብቃኝ። አንቺ ነሽ።

የላክሻቸው ተማሪዎች ቅዳሜ መጡልሽ፤ እኛ ሁላችን ለቤተ ክርስቲያን እህታችን ለሌኖራ ቀብር ከተማ ሄደን ሳለ። ስንመለስ ግቢው በልጆች ተሞልቷል፣ ሁሉም ቢጫ ካናቴራ ለብሰዋል፣ ደረታቸው ላይ «ይቅርታ በተግባር» ይላል። ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል። ሲያዩን አጨበጨቡ። እኛን አይተው ለራሳቸው አጨበጨቡ!

አንዲት ቀላ ያለች ልጅ እየሮጠች መጣችና አቀፈችኝ። «እማማ፣ አይተውታል? ስንመጣ እኮ ሌላ ነበር!»

መቃብሩን አየሁት። ተጠርጎ ነበር። እኛ እንደምንጠርገው አይደለም። የሩፎስ ኩባያ የለም። የባሌ የምላጭ ሳህን የለም። የኦርሊ እናት ፋኖስ፣ የሕፃናቱ መቃብር ላይ የነበረው የባሕር ዛጎል፣ የቨርዴል መንትዮች የወተት ጠርሙስ፣ አንዱም የለም። ድንጋይ የሌለው ሰው ምልክቱ እሱ ነበር። አሁን የት ማን እንደተኛ የምናውቀው በቃላችን ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ አርጅተናል።

«እዚህ የነበረው ዕቃ የት አለ?» አልኳት።

«ቆሻሻው ነው? በመኪና ወሰድነው። ሦስት ምልልስ!»

«ያ ቆሻሻ አልነበረም፣ ልጄ።»

ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። «ወይዘሮ ቫንዲቨር ናቸው ያሰቡት» አለች። «ስጦታ ነው ብለውን።»

ቨርዴል «ጎሽ! የሞቱትንም ዘረፏቸው፣ ያውም እየዘመሩ» አለች። ኦርሊ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። ሰማንያ ዓመቱ ነው። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፣ ሚስቱ የሞተች ጊዜም።

እኛ ሣር የማናበቅለው አቅም አጥተን አይደለም። ሣሩን እኛው ነን የምንነቅለው፣ አፈሩን የምንጠርገው፣ ቅጠል የለበትም፣ እባብ አይደበቅበትም፣ ሙታኖቻችን እንደ ቤታቸው ደጅ ንጹሕ ሆኖ ያገኙታል። እናቴ ጠርጋዋለች፣ እናትዋም ጠርጋዋለች። አንቺ በላዩ የሣር ዘር አስበተንሽበት።

ሰኞ ቆሻሻ መጣያው ሄድኩ። እዚያ የሚሠራው ሰውዬ ጓንቱን አውልቆ «ማዳም፣ ያ ጭነት ትናንት ነው የተቀበረው» አለኝ። የተቀበረው ነው ያለኝ።

አዎን፣ መኪናውን የነዳው ሩፎስ ነው። አንቺ በየቀኑ ይቅር ትይው ነበር፤ እሱ ግን ራሱን አንድም ቀን ይቅር አላለም። ከዚያ ቀን በኋላ መሪ አልጨበጠም። አጥራችሁ ድረስ ይሄድ የነበረው በእግሩ ነው። አልነገርኩሽም ነበር፣ የሚያገባሽ ጉዳይ አይመስለኝም ነበርና።

ሌላ ወረቀት አልልክልሽም። ቦታዋ ባዶውን ይኖራል። ያለፈ ያገደመ ሲጠይቀኝ የማን እንደሆነና ማን እንደከለከላት እነግረዋለሁ።

ሉቪኒያ


ካሳማ
ኦክቶበር 11፣ 2009

ወይዘሮ ጋድሰን፤

በረከት አልጽፍልዎትም፤ ከእኔ እጅ እንደማይቀበሉት አውቃለሁ።

ደብዳቤዎን ለጎረቤቴ ለባና ሙለንጋ በቋንቋዋ ነገርኳት። ከመጣሁ ጀምሮ የማውቃት ሴት ናት፣ ውሃ አብረን ቀድተናል። እንድታጽናናኝ ነበር የፈለግሁት።

«የሟቾቹን ዕቃ ማን ወሰደ?» አለችኝ።

«ልጆች ናቸው። ሳያውቁ ነው።»

«የላካቸውስ?»

ዓይኔን ወደ ደብዳቤው መለስኩ።

«ልጅሽ ባል ነበራት አላልሽኝም ነበር» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ነው ያስተኛሻት?» ከዚያ ተነሥታ ቤትዋ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ እንደ ወትሮዋ ማለዳ በሬን አታንኳኳም።

እርስዎ ሩፎስ መቀበርዋን የሰማው ሦስት ቀን አልፎ ነው ብለው ጽፈዋል። እኔ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው የሰማሁት። ባለቤቴ ከቀበራት በኋላ ነው የጻፈልኝ። «እንዳትደክሚ ብዬ ነው፣ ሁሉም በሥርዓቱ ተፈጽሟል» ብሎ። መንገዱ ይቻል ነበር። አውሮፕላን ነበረ። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እሱም ሞተ። ልጄ አፈር ስትለብስ አላየሁም። ይህንን ለማንም ጽፌ አላውቅም፣ ለእርስዎ መጻፌም ደስ አላለኝም።

ወረቀት አልልክም ስላሉኝ ከአውራጃው ራሴ አስመጥቼ ፈርሜ ልኬያለሁ። በይቅርታ አይደለም፣ በጸጸትም ብቻ አይደለም። ስለ ፎቶው የጻፉትን እስከ አሁን አልረሳሁትም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ድንጋዩ ላይ የእኛም ስም ይኑር። የማንም ሳትሆን አልተወለደችም።

ደግሞ አንድ ጥያቄ። የመጨረሻ ኩባያዋን ይዘዋል። ምን ነበር የጠጣችው?

አይሪን


ፓይን ሊክ
ዲሴምበር 7፣ 2009

አይሪን፤

ወረቀትሽ ደረሰ። እጄ ሲጽፍ ቀርፋፋ ነው፣ ግን የሆነውን ሁሉ እነግርሽ ዘንድ ይገባል።

ኖቬምበር ውስጥ አነሣናት። ዶክተር ክሬል ኮሌጁ በር ላይ ቆመው ጠበቁን፣ ብቻቸውን፣ ያለ ፎቶ አንሺ። ከሳጥኑ ኋላ በእግራቸው እስከ ናባው ተራራ መጡ። ግቢያችን ጋ ሲደርሱ «ወይዘሮ ጋድሰን፣ አጭር ጸሎት ባደርስ ይፈቅዱልኛል?» አሉኝ።

«አልፈቅድም። ከአጥሩ ወዲያ ይቁሙ» አልኳቸው።

ቆሙ። ቨርዴል በጆሮዬ «ወንበር ላውጣላቸው?» አለችኝ። «ተዪአቸው፣ ይልመዱት» አልኳት። ዝናብ ጀመረ። ባርኔጣቸውን አላደረጉም፣ አልሄዱምም። ይህንን አልክድባቸውም።

ሣሩ በቅሎ ነበር። ሥር እንዳይሰድ በየቀኑ ነቀልነው፤ ኦርሊ ሳይቀር በርከክ ብሎ። ኦርሊ የእናቱን ቦታ ሲያሳየኝ ቨርዴል ሌላ ቦታ ነው ትላለች፤ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ያንን አትመልሺውም። ማንም አይመልሰውም።

ዶርቃን በግራው አስተኛናት። ድንጋዩ «ዶርቃ ቫንዲቨር ጋድሰን» ይላል። ለአንቺ ብዬ አይደለም፤ እሷ ራስዋ እንዲያ ነበር የምትፈርመው።

ምን ጠጣች ብለሽ ጠይቀሻል። በዚያን ጠዋት አሬራ ቀዳሁላት፤ የበቆሎ ዳቦ ፈርፍራበት በማንኪያ እየበላች በኩባያው ትጠጣ ነበር። ያንን የሚወድ ነጭ ሰው አይቼ አላውቅም። ሩፎስ ከውጭ ክላክሱን ሲነፋ ግማሹን ተወችው። «እማማ፣ ማንም እንዳይነካብኝ፣ ስመለስ እጨርሰዋለሁ» አለችኝ። እማማ ነበር የምትለኝ። ይህም ያምሻል፣ እንዲያምሽ ብዬ ጻፍኩት፤ እንድታውቂውም ብዬ።

ኩባያውን አላጠብኩትም። አሬራው ቁም ሳጥን ውስጥ ደርቆ ታቹ ላይ ቢጫማ ክብ ሠርቶ ነበር። ነጭ ሸክላ ነው፣ ጆሮው ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። ድንጋይዋ ላይ አንድ ጊዜ መታሁት፣ አልተሰበረም። ሁለተኛ ስመታው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹን በእሷ፣ ግማሹን በእሱ ራስጌ አስቀመጥኩት፤ የሱ ተወስዶበት የለ።

አላለቀስኩም። በዚያን ሌሊት ግን ተኛሁ።

ይቅር አላልኩሽም። እንዳልል የሚያግደኝ ሰው የለም፣ ግን አላልኩሽም። ከሞትሽ በኋላም እዚህ የምትተኚበት ቦታ የለሽም፤ በቀኙ በኩል የእኔ ነው።

መቃብሩን በሙሉ የምንጠርገው በሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ከማለዳ እንጀምራለን፣ ፀሐይ ሳይበረታ። የእሷ ድንጋይ ዙሪያ እስከዚያ ቅጠል ይሞላበታል፤ ጥድ ብዙ ያራግፋል። መጥረጊያውን ከጫካ ቅርንጫፍ እየቆረጥን ነው የምናስረው፣ የሱቁ አይሆንም፣ አፈሩን ይቧጭራል።

ብትመጪ ያንቺን ራስሽ እሰሪ። እኔ መጥረጊያዬን አላውስም።

ሉቪኒያ